የስፌት ትምህርትና የአባቴ ካፖርት

ከትምህርት ቤቱ የቀድሞ ተማሪ

ሰው ራቁቱን ይወለዳል፤ ሲሞትም በከፈን ተጠቅልሎ ይሸኛል። በእነዚህ በሁለቱ ቀኖች መካከል ባለው ዕድሜው ግን ያለ ልብስ አንድ ቀን ስንኳ በሰው ፊት ሊቆም አይችልም። ነገሩ እንዲህ ሲሆን ልብስ የሚሠራው ሰው በአገራችን ለብዙ ዘመን ሳይከበር መኖሩ የሚያስደንቅ ነው። ሸማኔውን «ቁጢት በጣሽ» እያሉ ይሰድቡት የነበሩት ሰዎች ስድቡን የሚናገሩት እርሱ የሠራውን ሸማ ለብሰው ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሥራ የሚሠራውን ሰው ማንም እንዳይሰድበው በአዋጅ እስከ መከልከል የደረሱት ነገሩ ሥር ቢሰድ ነው። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ስድቡም እንደ ድሮው በአፍ አይሰማም። በልብ ውስጥ ግን ፈጽሞ አልጠፋም። ይህንንም ያወቅሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከገዛ ቤታችን ነው።

የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ትምህርቴን እዚህ ቦሬ ከፈጸምሁ በኋላ የፋሽን ዲዛይን፣ የልብስ ስፌትና የፋሽን ንግድ ለመማር ሐዋሳ ወደሚገኝ አንድ ኮሌጅ ለመሄድ ማሰቤን ለአባቴ ነገርሁት። ማታ ነበረ፤ እሳት ዳር ተቀምጦ እጁን ይሞቃል። ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ቆየና፣ «ልጄ፣ መርፌ ለመያዝ ዐሥራ ሁለት ዓመት መማር ያስፈልግ ኖሯል?» አለኝ። ይህን ያለኝ በቁጣ አልነበረም፤ ቢቈጣ ይሻለኝ ነበር። መምህርት ወይም ነርስ ትሆናለች ብሎ ለደብተሬና ለጫማዬ ስንት ጊዜ በግ ሸጧል። እኔም የምመልስለት ቃል አጣሁ። እናቴ ግን ቅቤ ሸጣ ያጠራቀመችውን ገንዘብ ከመቀነቷ ፈትታ፣ «ሂጂ፤ የምትሠሪውን አይተን እንፈርዳለን» አለችኝ። እንግዲህ ወደ ኮሌጅ የሄድሁት በአባቴ ምርቃት ሳይሆን በእናቴ ቀጠሮ ነው።

የመጀመሪያውን ትምህርት የተማርሁት ገና ኮሌጅ ሳልገባ በአውቶቡስ ውስጥ ነው። ከቦሬ ስነሣ ጉም አገሩን ሸፍኖት ነበር፤ መንገደኛው ሁሉ ቡሉኮና ጋቢ ተከናንቧል። ሀገረ ሰላምን አልፈን ወደ አለታ ወንዶ ስንወርድ ቡሉኮው ከትከሻ ወረደ፤ ይርጋለምን አልፈን ሐዋሳ ስንደርስ ሹራቡም ወልቆ ሰው በሸሚዝ ቀረ። በሌላው አቅጣጫ በአዶላ በኩል ወደ ነገሌ የወረደ ሰውም እንዲሁ ብርዱን ትቶ ከሙቀት አገር ይደርሳል፤ በዚያ ወንዱ ሽርጥ ታጥቆ ሴቷ ስስና ሰፊ ቀሚስ ለብሳ ያገኛቸዋል። ፋሽን ከሩቅ አገር በሥዕል የሚመጣ ነገር ብቻ ለመሰለን ለእኛ ይህ ብርቱ ትምህርት ነው። ልብስ አስቀድሞ ከአየሩና ከሥራው ጋር ይስማማል፤ ጌጡ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ኮሌጅ እንደ ገባሁ ወዲያው በስፌት መኪና ላይ የምቀመጥ መስሎኝ ነበር። እነርሱ ግን ወረቀትና እርሳስ፣ ማስመሪያና ሜትር ሰጡን። የሰውን አካል በልኬት ወደ ወረቀት ማውረድ፣ ክብ የሆነውን ደረትና ትከሻ በዝርግ ቅድ መግለጽ ከጂኦሜትሪ ትምህርት የሚለይ አይደለም። በክፍል ውስጥ «ይህ ሒሳብ ለምን ይጠቅመናል?» እያልን ስናጕረመርም የነበርን ሁሉ እዚያ አፈርን። የእጅጌው አናት ዙሪያ ከብብቱ ዙሪያ ጋር ካልተስማማ እጅጌው አይገባም፤ ቢገባም ይጨማደዳል።

ቀጥሎ ስለ ጨርቅ ተማርን። ጨርቅ ድርና ማግ አለው። ድሩ በቁመት ተወጥሮ የሚሄደው ክር ስለ ሆነ ብዙም አይሳብም፤ ማጉ ጥቂት ይለጠጣል፤ በሰያፍ የተቈረጠ ጨርቅ ግን በእጅ ሲይዙት ይዘረጋል። ጨርቅ ለመቈጠብ ብሎ ቅዱን ከድሩ አዛንፎ የሚያስቀምጥ ሰፊ በዚያ ቀን ያተረፈ ይመስለዋል፤ ሱሪው በታጠበ ጊዜ እግሩ ይጣመምና ባለቤቱ ይዞበት ይመጣል።

የስፌት መኪናም ታሪክ አለው። በፈረንሳይ አገር ባርተሌሚ ቲሞኒዬ የሚባል ልብስ ሰፊ በ1830 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ለመኪናው የባለቤትነት መብት አገኘ፤ ለወታደሮችም ልብስ የሚሰፉ ብዙ መኪናዎች አቁሞ ነበር። የፓሪስ ልብስ ሰፊዎች ግን እንጀራችንን ሊነጥቀን ነው ብለው ገብተው ሰባበሩበት። በ1851 አሜሪካዊው አይዛክ ሲንገር የመኪናውን አሠራር አሻሻለ፤ ስሙም እስከ እኛ በረንዳ ደረሰ። የመኪናው ምሥጢር ሁለት ክር ነው። የላይኛው ክር በመርፌው ጫፍ ባለችው ቀዳዳ ጨርቁን አልፎ ይወርዳል፤ ከታች ካለው ክር ጋር ይጠላለፍና ቋጠሮው በጨርቁ መካከል ይቀራል። አንደኛው ከጠበቀ ሌላውን ወደ ራሱ ይስበዋል፤ ስፌቱም ይላላል። መኪናው ግን ልብስ ሰፊውን አላጠፋውም። ይልቁንም በገበያችን በረንዳ በእግሩ እየመታ ቤተ ሰቡን የሚያስተዳድረውን ሰው ፈጠረልን።

አሁን ወደ ራሴ ታሪክ ልመለስ። በመጀመሪያው ዓመት ዕረፍት ወደ ቤቴ ስመጣ ለአባቴ ካፖርት ልሰፋለት ቈረጥሁ። እናቴ ወፍራም የሱፍ ጨርቅ ገዛች። አባቴን ቀጥ አድርጌ አቁሜ ለካሁት፤ ቈረጥሁ፤ የጎረቤት መኪና ተውሼ ሰፋሁ። ሲለብሰው ካፖርቱ ከገላው ላይ የበቀለ ይመስል ነበር። ጎረቤቶች አመሰገኑኝ፤ አባቴም ምንም ሳይናገር ኮሌታውን በእጁ ዳሰሰው። ለእኔ ይህ ከምስጋና ይበልጥ ነበር።

በሳምንቱ የዘመድ ሠርግ ሆነ። አባቴ ካፖርቱን ለብሶ ፈረሱን አስጫነ፤ እግሩን በእርካብ አግብቶ ኮርቻውን ሲጨብጥና ወደ ላይ ሲነሣ የካፖርቱ ጀርባ ከብብት እስከ ብብት ጧ ብሎ ተቀደደ። በዚያ የነበረው ሰው ሳቀ፤ አንዱም፣ «የኮሌጅ ልብስ እንዲህ ነው!» አለ። አባቴ አልሳቀም፤ አልተቈጣምም። ቡሉኮውን ከእናቴ እጅ ተቀብሎ በቀዳዳው ላይ ደረበና ሄደ። እኔም ወደ ጓዳ ገብቼ አለቀስሁ። ያለቀስሁት ጨርቁ ስለ ተቀደደ ብቻ አልነበረም፤ «መርፌ ለመያዝ» ያለው ቃል ትዝ ስላለኝ ነው።

ወደ ኮሌጅ ተመልሼ ነገሩን ለመምህርታችን አጫወትኋት። እርስዋም፣ «አባትሽን ስትለኪው ምን ያደርግ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። «ቆሞ ነበር» አልኋት። «ኑሮውስ ቆሞ ነው?» አለችኝ። በዚህች በአንዲት ጥያቄ ከብዙ ገጽ የማይገኝ ትምህርት አገኘሁ። የገላ ልክ ሌላ ነው፤ የልብስ ልክ ሌላ ነው። በሁለቱ መካከል ሰውየው የሚተነፍስበት፣ የሚያጐነብስበት፣ ክንዱን የሚዘረጋበት ትርፍ ስፋት ያስፈልጋል። የትርፉም መጠን እንደ ሰውየው ሥራ ይለያያል፤ ወንበር ላይ ለሚውለው ጸሓፊና በፈረስ ለሚሄደው ገበሬ አንድ አይሆንም። ደግሞም ውድ ጨርቅ ከመቁረጥ በፊት ቅዱን በርካሽ አቡጀዲ ሰፍቶ፣ ሰውየውን አልብሶ፣ «እጅዎን ያንሡ፤ ይጐንበሱ፤ ይቀመጡ» ብሎ መፈተን እንደሚገባ ተማርሁ።

በሚቀጥለው ዕረፍት የተቀደደውን ካፖርት ፈታሁት። ያው ሱፍ በገበያ አልተገኘም። ስለዚህ ፊቱንና እጅጌውን በሱፍ ትቼ ጀርባውን ከአሮጌ ቡሉኮ ቈረጥሁ፤ ከትከሻ እስከ ወገብ በሁለቱም በኩል ክንድ ሲዘረጋ የሚከፈት፣ ሲሰበሰብ የሚዘጋ ጥልቅ ሽንሽን አደረግሁበት። አስቀድሜም በአቡጀዲ ሰፍቼ አባቴን እስከ ፈረሱ ድረስ ወሰድሁት፤ ሦስት ጊዜ አስወጣሁት፣ ሦስት ጊዜ አስወረድሁት። በሦስተኛው፣ «እኔን ነው ወይስ ፈረሱን የምትለኪው?» ብሎ ሳቀ። ካፖርቱ አልተቀደደም፤ እስከ ዛሬም ይለብሰዋል።

ይህን ያዩ ሦስት ጎረቤቶች እንደዚያ ያለ እንድሰፋላቸው ጠየቁኝ። የጨርቁንና የቁልፉን ዋጋ ደምሬ፣ ጥቂት ጨምሬ ሸጥሁላቸው። በሦስተኛው ካፖርት መጨረሻ ግን ከእናቴ የተበደርሁት ገንዘብ ጎድሎ አገኘሁት። ምክንያቱን ያወቅሁት የፋሽን ንግድ ትምህርት ስንጀምር ነው። ክሩን፣ ገበሩን፣ ተቈርጦ የሚወድቀውን ቍርጥራጭ፣ የካውያውን ከሰል፣ የመኪናውን ኪራይ፣ ጨርቅ ለማምጣት የከፈልሁትን የመኪና ዋጋ አልቈጠርሁም ነበር፤ ከሁሉም በላይ የራሴን ቀን አልቈጠርሁም። ትርፍ ያገኘሁ መስሎኝ የእናቴን ቅቤ እበላ ነበር። ለራሱ ጉልበት ዋጋ የማያወጣ ሰው ሌላው ሰው ያወጣለታል፤ ሲያወጣለትም አያበዛለትም።

በትልቁም ንግድ ቢሆን ሕጉ ያው ነው። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ ወር 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ብዙ ሺህ ሰው፣ አብዛኞቹም እንደ እኔ ያሉ የገጠር ልጃገረዶች፣ ሥራ አገኙበት። በዚያ አንድ ሸሚዝ በብዙ እጅ ተከፋፍሎ ይሰፋል፤ አንዷ ቀኑን ሙሉ ኮሌታ ብቻ፣ ሌላዋ እጅጌ ብቻ ትሠራለች። ከታኅሣሥ ወር 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ግን አሜሪካ አጎዋ በሚባለው ሕግ ለኢትዮጵያ ሰጥታው የነበረው ከቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድል ታገደ፤ አንዳንድ ኩባንያዎችም ሥራቸውን ዘግተው ሄዱ። የተማርሁትም ይህ ነው፦ በአንድ ገዢ በር ብቻ የቆመ ሻጭ በሩ የተዘጋ ቀን ሜዳ ላይ ይቀራል። በእኛ ገበያ ደግሞ ሰልባጅ የምንለው ልባሽ ጨርቅ አለ። በዋጋ ከእርሱ ጋር ብንፎካከር እንሸነፋለን። ነገር ግን ሰልባጅ የአባቴን ትከሻ አያውቀውም፤ የቦሬን ጉምና የነገሌን ፀሐይም አያውቅም። የእኛ ትርፍ በዚህ በማወቃችን ላይ ነው። እኅታችን ልያ ከበደም በ2007 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ለምለም የተባለውን ድርጅት ስታቋቁም ወደ ውጭ አገር ገበያ ይዛ የቀረበችው የአገራችን ሸማኔዎች በእጅ የሚሠሩትን ሸማ ነው። «ቁጢት በጣሽ» ይባል የነበረው እጅ በሩቅ አገር ተከብሮ ተገኘ ማለት ነው።

ይህን ትምህርት ለመማር የምትፈልጉ እኅቶቼና ወንድሞቼ ሆይ! በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የጨርቃጨርቅና ፋሽን ትምህርት እስከ ዲግሪ ይሰጣል፤ በቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችም የልብስ ስፌት ይማሩታል። ከመሄዳችሁ በፊት ግን ሒሳባችሁን አጥብቃችሁ ያዙ፤ ሥዕል ተለማመዱ፤ የቀለምን ነገር ለማወቅ ኬሚስትሪን አትናቁ። ከሁሉ አስቀድሞ በገበያ በረንዳ ከተቀመጠው ልብስ ሰፊ አጠገብ አንድ ቀን ዋሉ፤ እኛ በወረቀት የምንማረውን እርሱ በእጁ ያውቀዋል።

አባቴ ተሳስቼ ነበር ብሎኝ አያውቅም፤ እኔም አልጠይቀውም። ቀድሞ ሰው «ልጅህ ምን ትማራለች?» ሲለው፣ «ሐዋሳ ናት» ብሎ ያልፈው ነበር። ባለፈው የገበያ ቀን ግን አንድ እንግዳ ሰው ካፖርቱን አይቶ ከየት እንደ ገዛው ሲጠይቀው ከኋላው ቆሜ ሰማሁ። «አልገዛሁትም፤ ልጄ ልብስ ሰፊ ናት» አለው። «ልብስ ሰፊ» የሚለውን ቃል ድምፁን ዝቅ ሳያደርግ ተናገረው። ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ለአጣሪው እንዲሉ፣ እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራዬን ለሚጠይቀኝ ሁሉ ያንኑ ቃል ድምፄን ዝቅ ሳላደርግ እናገራለሁ።