የአዳራሹ በርና ፈላና በር

የጁገል ግንብ አምስት ጥንታዊ በሮች አሉት። በአሚሮቹ ዘመን ሲመሽ ይዘጉ፣ ቁልፋቸውም ወደ አሚሩ ይገባ ነበር። ዛሬ በሰሜን በኩል ባለው በእኛው ፈላና በር ማለዳ የሚገባውን ገበያተኛ ማንነቱን የሚጠይቀው የለም። ሐረሪው፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ሶማሌው፣ ሻጩም ገዢውም በአንድ በር ያልፋል። ሐረርን ከተማ ያሰኛት ግንቡ ብቻ አይደለም፤ በሩም ጭምር ነው።

ይህን በር ባየሁ ቁጥር ሌላ በር ይታወሰኛል፤ የዩኒቨርሲቲ በር። በየግቢው ደጃፍ «ሕዝባዊ ገለጻ»፣ «የኪነ ጥበብ ምሽት» የሚል ጨርቅ ተሰቅሎ እናነባለን። ዳሩ ግን «ሕዝባዊ» የሚለው ቃል ጥበቃው ዘንድ ሲደርስ ትርጉሙን የሚያጣበት ጊዜ ብዙ ነው። ስሙን በማልጠራው አንድ ግቢ፣ ከሥራ ወጥቼ ግጥም ለመስማት ሄጄ መታወቂያ ተጠየቅሁ። የባንኩን አሳየሁ። «የተማሪ ወይም የመምህር ነው የምንፈልገው፣ ወንድሜ» አለኝ ጥበቃው በትሕትና። በእርሱ አልፈርድም፤ የታዘዘውን ነው የፈጸመው። አጥሩን ተደግፌ ጥቂት ቆየሁ። ጭብጨባው ውጭ ድረስ ይመጣል፤ የተጨበጨበለት ቃል ግን አይሰማም ነበር።

የግቢ መድረክ ዋጋው የቱ ላይ እንደሆነ ታሪካችን ያስተምረናል። በ1953 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ፣ በ«ኮሌጅ ቀን» በዓል፣ ታምሩ ፈይሳ «ደሃው ይናገራል» የተሰኘ ግጥሙን አቀረበ። ያ ግጥም ዛሬም ድረስ የሚነሣው ስንኙ ስላማረ ብቻ አይመስለኝም። በዓሉ የተማሪዎች ብቻ አልነበረም፤ ንጉሠ ነገሥቱና ሹማምንቱ የሚገኙበት፣ የከተማው ሰው የሚታደምበት ነበር። የድሃው ብሶት ሊሰማው ከሚገባው ጆሮ ደረሰ። ተማሪ ለተማሪ ብቻ አንብቦት ቢሆን ኖሮ ምናልባት ከመኝታ ክፍል ወሬ አያልፍም ነበር።

ወደ እኛም አገር ስንመለስ ምሳሌ አናጣም። ከሐረር በስተ ምዕራብ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው በእርሻ ኮሌጅነት ነው። ኮሌጁ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የአገሪቱን የግብርና ኤክስቴንሽን ሥራ ጭምር እንዲመራ አደራ ተሰጥቶት ነበር። ይህም ማለት የመምህሩ ቃል ከሰሌዳው ወርዶ ገበሬው ማሳ ድረስ እንዲሄድ ታስቦ ነበር ማለት ነው። አዳራሽ ባይኖረውም ከዚህ የበለጠ ሕዝባዊ ገለጻ አላውቅም።

እኔ ቀኑን ሙሉ የምውለው በባንክ መስኮት ነው። ከወለድ ነፃ የባንክ አገልግሎትን የሚፈቅደው መመሪያ በ2004 ዓ.ም. ሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ፣ ስለዚሁ ጉዳይ የሚጠይቀኝ ሰው ጥቂት አይደለም። በቅርቡ አንዲት እናት የቁጠባ ደብተራቸውን በመስኮቱ እያሾለኩ፣ «ልጄ፣ ወለዱን ካልወሰድሁ ገንዘቤ እናንተ ዘንድ ምን ሲሠራ ይውላል?» አሉኝ። የማውቀውን ነገርኋቸው። ከኋላቸው ግን ሰልፍ ነበር፤ የእርሳቸውም ጥያቄ ከሰልፍ የሚሰፋ ነው። የሃይማኖት ሊቅ፣ የኢኮኖሚክስ ምሁርና የሕግ ሰው በአንድ መድረክ ተቀምጠው ግማሽ ቀን ሊወያዩበት የሚገባ ጥያቄ! እንዲህ ያለ ጉባኤ ቢዘጋጅ እንኳ እኒያን እናት ማን ይጠራቸዋል? በየትኛው መታወቂያስ ይገባሉ?

አንባቢ ሆይ፣ የአዳራሾቻችንን ልማድ ታውቀዋለህ። የእንኳን ደኅና መጣችሁ ንግግር፣ የመክፈቻ ንግግር፣ የክብር እንግዳው ንግግር ይከታተላሉ። ዋናው ተናጋሪ ተራው ሲደርስ ግማሹ ሰዓት አልፏል። በመጨረሻም «ከሰዓት እጥረት የተነሣ ሁለት ጥያቄ ብቻ እንቀበላለን» ይባላል። ዲስኩር ግን ሕይወት የሚዘራው በጥያቄ ነው። ምሁሩ የጻፈውን ቤታችን ሆነን ልናነበው እንችላለን፤ ወደ አዳራሽ የምንሄደው እርሱ ያላሰበውን ልንጠይቀው ነው። ያላሰበውን ደግሞ ብዙ ጊዜ ይዞ የሚመጣው ከግቢው ውጭ የሚኖረው ሰው ነው።

ስለዚህ የምመኘው ትልቅ ነገር አይደለም። በወር አንድ ምሽት በሩ ለመጣ ሁሉ ይከፈት፤ ጥበቃው ይፈትሽ እንጂ «የማን ነህ?» አይበል፤ የመጀመሪያው ጥያቄም ከውጭ ለመጣ እንግዳ ይሰጥ። በባንክ ቋንቋ ብናገር፣ እውቀትም እንደ ገንዘብ ነው፤ ካዝና ውስጥ ተቆልፎ ሲያድር አይወልድም።

ደጃፉ ተቆልፎ፣ ቤቱ ሰው ቢሞላ፣
ቃሉ ከማን ሊደርስ፣ ከግንቡ በኋላ?
በሩን ክፈቱለት፣ ለመጣ እንግዳ፣
ተሸክሟልና እሱም፣ የጥያቄ ዕዳ።