ሰርቨር የቀየርኩበት ሌሊት

እሑድ ጠዋት ስልኬ ሲጮኽ ገና ጋደም ማለቴ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ የ11 ደንበኞቼን ድረ ገጾች ከአሮጌው ሰርቨር ወደ አዲሱ ሳዛውር አድሬ፣ ሁሉም መከፈታቸውን አይቼ ላፕቶፔን ዘግቻለሁ።

የደወሉት እናቴ የሚሆኑ ደንበኛዬ ናቸው። ከቅዳሴ መመለሳቸው ነው።

"ልጄ፣ የአባዬ ጽሑፍ ምን ሆኖ ነው? ከላይ እስከ ታች የጥያቄ ምልክት ብቻ ነው እኮ።"

ከፈትኩት። ፎቶዎቹ አሉ፣ ቀለሙም ያው ነው። ፊደል የነበረበት ቦታ ሁሉ ግን "???? ??? ?????" ይላል።

አባታቸው መምህር ነበሩ። ጡረታ ከወጡ በኋላ ያስተማሩባቸውን የገጠር ትምህርት ቤቶች ትዝታ በደብተር ጻፉ፤ ልጃቸው ደግሞ ማታ ማታ እየተየቡ ድረ ገጽ ላይ አወጡላቸው። አባትየው አርፈዋል። ደብተሮቹ ቤት ሲቀየር ጠፍተዋል። ስለዚህ ያ ጽሑፍ በዓለም ላይ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ እኔ ሌሊት የነካካሁት ቦታ።

ለመሆኑ ማን አዛውር አለኝ? ሁለት ነገር ነው ያጣደፈኝ። አንደኛ፣ አሮጌው ሰርቨር የሚሠራው በሴንትኦኤስ 7 ነበር፤ እሱ ደግሞ ሰኔ 23 ቀን 2016 ዕድሜው አበቃ። ከዚያ በኋላ የደኅንነት ማሻሻያ የለውም። ሁለተኛ፣ ወር ሳይሞላ ሐምሌ 22 የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ደንበኞቼ በብር ይከፍሉኛል፤ እኔ ሰርቨር የምከራየው በዶላር ነው። የቀረውን እናንተ አስሉት።

ከኪራዩ በላይ ያንገበገበኝ ግን የፓነሉ ክፍያ ነው። ኮንትሮል ፓነል ማለት ሰርቨሩን ኮድ ሳትጽፍ በማውዝ የምታዝበት ገጽ ነው፤ ኢሜይል መክፈት፣ ዳታቤዝ መፍጠር፣ ባክአፕ ማውረድ። ብዙዎቻችን ያደግነው በሲፓነል ነው። ሲፓነል በፈረንጆቹ 2019 አከፋፈሉን ቀይሮ በሰርቨር ሳይሆን በአካውንት ብዛት ማስከፈል ጀመረ። ደንበኛ በጨመርኩ ቁጥር ሒሳቡም አብሮ ያድጋል ማለት ነው።

መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ "ፓነል ለምን ያስፈልገኛል?" የሚል ነበር። ኢንጂነሪንግ ተምሬያለሁ፣ ተርሚናል አልፈራም፣ ሁሉን በትዕዛዝ መሥራት እችላለሁ። እውነቱን ለመናገር ኩራት ነው። ከዚያ ራሴን ጠየቅኩ፦ እኔ ብታመምስ? ስልኬ ቢዘጋስ? የአንዷ ደንበኛ የኢሜይል የይለፍ ቃል ቢጠፋ ማን ይቀይርላታል? ፓነሉ ለእኔ እንዳልሆነ የገባኝ ያኔ ነው። እኔ በሌለሁበት ቀን ለሚቸገረው ሰው ነው።

ቨርችዋልሚንን አየሁ፤ ብዙ ነገር ይችላል፣ ግን ለባለሱቅ ደንበኛ የሚከብድ መሰለኝ። ሄስቲያን መረጥኩ። ነፃ ነው፣ ኮዱ ክፍት ነው፣ በደቢያን ላይ ይሠራል፣ ለእያንዳንዱ ደንበኛ የራሱን መግቢያ ይሰጣል።

ምርጫው ላይ ሳምንት ፈጅቻለሁ። ዝውውሩ ላይ አንድ ሌሊት። ስህተቴ እዚህ ጋ ነው።

ማይኤስኪውኤል የሚባለው ዳታቤዝ በ2018 ስምንተኛው ቅጂ እስኪወጣ ድረስ፣ ካልነገርከው በቀር ሰንጠረዦቹን "ላቲን 1" ብሎ ነበር የሚመዘግባቸው። ብዙ የቆዩ የአማርኛ ድረ ገጾች ውስጣቸው ትክክለኛ ዩኒኮድ ሆኖ ውጭያቸው ላይ "ላቲን" የሚል ተጽፎባቸዋል። ጤፍ ሞልተህ "ገብስ" ብለህ የጻፍክበት ጆንያ በለው። ዘዴው የታወቀ ነው፦ ስታወጣው "አዎ፣ ላቲን ነው" ብለህ እንዳለ ታወጣና፣ አዲሱ ቤት ላይ ትክክለኛውን ስም ትጽፍበታለህ። አሥሩ ድረ ገጾች እንዲህ ነበሩ። አንድ ስክሪፕት ጻፍኩና ለ11ዱም አስኬድኩት።

የመምህሩ ግን ጤፍም ነበር፣ "ጤፍ" ተብሎም ተጽፎበታል። ከሁሉም በትክክል የተሠራው እሱ ነበር። እኔ "ላቲን አድርገህ አውጣ" ስለው ዳታቤዙ የምሬን መሰለው። በላቲን 1 ውስጥ "ሀ" የለም፣ "ለ"ም የለም። በእያንዳንዱ ፊደል ምትክ አንድ የጥያቄ ምልክት አስቀመጠ። ምንም ስህተት አላሳየኝም።

የተዘበራረቀ ፊደል ቢሆን ኖሮ ወደ ኋላ ሄዶ መፍታት ይቻል ነበር። የጥያቄ ምልክት ግን አይፈታም። ውስጡ የቀረ ነገር የለም።

"እትዬ፣ አንድ ሰዓት ስጡኝ" አልኩ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ያዳነኝ ብልኅነቴ አይደለም፤ የአሮጌው ሰርቨር ኪራይ የሚያልቀው ማክሰኞ ስለነበረ ብቻ ነው። ገብቼ ዳታቤዙን በትክክለኛው ስሙ እንደገና አወጣሁት። አዲሱ ላይ ጫንኩት። ገጹን አደስኩት።

ፊደሎቹ ተመለሱ። ያን ጽሑፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጭ ብዬ ያነበብኩት የዚያን ቀን ነው። ሦስት ዓመት ሰርቨሬ ላይ አስቀምጬው አንድም ቀን አላነበብኩትም ነበር። አንድ ክረምት ወንዝ ሞልቶ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ፣ መምህሩ ከወዲህ ማዶ፣ ተማሪዎቹ ከወዲያ ማዶ ቆመው ጮክ እያሉ የማባዛት ሠንጠረዥ ያጠኑ እንደነበር ይላል።

አሁን ሰርቨር ሳዛውር ገጹ ተከፈተ ብዬ አልተኛም። የእያንዳንዱን ድረ ገጽ የቆየ ጽሑፍ ከፍቼ አነባለሁ፤ አሮጌውንም ሰርቨር አንድ ወር ሳልዘጋ አቆያለሁ። ዶላሩ ያማል፣ ግን እከፍላለሁ።

በሳምንቱ ሴትየዋ ቤት ሄጄ የሄስቲያ መግቢያቸውን ሰጠኋቸው። ባክአፕ እንዴት እንደሚወርድ አሳየኋቸው፤ በሁለተኛው ሙከራ ራሳቸው አወረዱት። ቡና ሲቀርብ ከቁም ሳጥኑ አንድ ወፍራም ፎልደር አወጡ። የአባታቸውን ጽሑፍ ሙሉውን በወረቀት አሳትመውታል።

"አንተን ሳላምን ቀርቼ አይደለም" አሉኝ፣ ስኳሩን እያቀረቡልኝ።

ልክ ናቸው አልኳቸው።