ማቅለጥና መስፋት

ከደብረ ታቦር ከተማ ጥቂት ወጣ ብሎ ጋፋት የሚባል ቦታ አለ። ለመንገደኛ ዓይን ብዙ የሚታይ ነገር የለውም፤ የገብስ ማሳ፣ ባሕር ዛፍ፣ ከጉና በኩል የሚነፍስ ብርድ። ዳሩ ግን ዳግማዊ ቴዎድሮስ ከአውሮፓ የመጡትን የእጅ ባለሙያዎች አስፍረው መድፍ ያሠሩት በዚህ ቦታ ነው። በባዝል ከተማ አጠገብ ከሚገኘው የቅዱስ ክሪሾና ሚስዮን የተላኩት እነ ዋልድማየር ወንጌል ሊያስተምሩ መጥተው የንጉሡ መድፍ ሠሪዎች ሆኑ። 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል የወጣው ከጋፋት እቶን ነው።

ሰው ስለ ገላው ሲመኝ በሰማሁ ቁጥር ጋፋት ትዝ ይለኛል ብል አንባቢ ይገረም ይሆናል። ምክንያቴ ቀላል ነው። እቶን ውስጥ የገባ ብረት የቀድሞ መልኩን ፈጽሞ ይረሳል። ደወል የነበረው፣ ድስት የነበረው፣ ሰባራ የነበረው ሁሉ ቀልጦ አንድ ይሆናል፤ ወደ ቅርጹ ፈስሶ ሲወጣ ያለፈ ታሪኩ በላዩ አይነበብም። እኛም ስለ ገላችን የምንመኘው ይህንኑ ነው፤ ቀልጠን እንደ አዲስ መፍሰስን። ነገር ግን ቆዳ ነሐስ አይደለም። ሐኪምም ቀላጭ ሳይሆን ልብስ ሰፊ ነው። በደብረ ታቦር ገበያ ዳር ሲንጀሩን አስቀምጦ ሰፊ እጅጌ እንደሚያጠብ ሰው፣ ትርፉን ይቆርጣል፣ የቀረውን ያጋጥማል፣ ይሰፋል። እጅጌው በልክ ይሆናል። ስፌቱ ግን ይኖራል።

ይህን የምጽፈው ታላቅ እህቴ ክንዷን ልትሰፋ በማሰቧ ነው።

እህቴ ሜሪላንድ ትኖራለች። የስኳር ሕመም እንዳለባት በተነገራት ጊዜ ደነገጠች፤ ከዚያም ድንጋጤዋን ወደ ሥራ ለወጠችው። በሁለት ዓመት ውስጥ ምግቧን አስተካክላ፣ በበረዶም በፀሐይም እየተራመደች 40 ኪሎ ቀነሰች። ሁላችንም አጨበጨብንላት። ያላጨበጨበው ቆዳዋ ብቻ ነበር። ለዓመታት የተለጠጠው የክንዷ ቆዳ መሰብሰብ አቅቶት ከብብቷ እስከ ክርኗ ተንጠልጥሎ ቀረ። አንድ ቀን በስልክ እንዲህ አለችኝ፦

«እኔ ከስቻለሁ፤ ክንዴ ግን የዚያችን የድሮዋን ሴትዮ ልብስ እንደለበሰ ነው።»

ይህን ስትል ምን እንደምመልስላት ጠፋኝ። «ከንቱ ነገር ነው፤ ተይው» ማለት ይቀላል፤ በእኛ ባህል ከሁሉ አስቀድሞ አፍ ላይ የሚመጣው ቃልም እርሱ ነው። ሆኖም አንድ ሰው ያሸነፈው ጠላት ምልክት ሁልጊዜ በክንዱ ላይ ሲወዛወዝ ማየቱ ከንቱ ነገር አይመስለኝም። ስለዚህ መምከሩን ትቼ ማንበብ ጀመርሁ። ጥያቄው «ይገባል ወይስ አይገባም» መሆኑ ቀርቶ «ምን ይጠበቃል» ሆነ።

ቀዶ ጥገናው በሐኪሞች ቋንቋ ብራኪዮፕላስቲ ይባላል። ሐኪሙ በክንዱ የውስጥ ወይም የኋላ ጎን፣ ብዙ ጊዜ ከብብት እስከ ክርን፣ ቆዳውን ከፍቶ ትርፉን ቆዳና ስብ ያወጣል፤ የቀረውን ስቦ ይሰፋል። አብዛኛውን ጊዜ በሙሉ ማደንዘዣ የሚሠራ ሲሆን ከ2 እስከ 3 ሰዓት ያህል ይወስዳል። ማክሻ አይደለም፤ እንዲያውም ሐኪሞች የሰውየው ክብደት ለወራት ሳይዋዥቅ እንዲቆይ ይጠይቃሉ፤ ከዚያ በኋላ ቢወፍር ቆዳው ዳግም ይለጠጣልና። ቆዳው ገና የመሰብሰብ አቅም ላለው ሰው ስቡን በቱቦ መምጠጥ ብቻ ሊበቃ ይችላል። ለእህቴ ዓይነቱ ግን አይበቃም። ስፖርትም ቢሆን ጡንቻን ያፈረጥማል እንጂ ትርፍ ቆዳን አያጠፋም።

ታዲያ ምን ይገኛል? የክንዱ ቅርጽ በእርግጥ ይለወጣል። ቀጠን ይላል፤ መንጠልጠሉ ይቀራል፤ እጅጌ ያለ ችግር ይገባል፤ ቆዳ ከቆዳ እየተፋተገ የሚያመጣው ቁስል ይጠፋል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ የተሠራላቸው ብዙዎችም በውጤቱ ይደሰታሉ። በምትኩ የሚከፈለው ረጅም ጠባሳ ነው። ጠባሳው በመጀመሪያዎቹ ወራት ይጠቁራል ወይም ይቀላል፤ ይወፍራል፤ ያሳክካል። ለስልሶ እስኪደበዝዝ አንድ ዓመትና ከዚያም በላይ ይፈጃል። ፈጽሞ ግን አይጠፋም። እንደ እኛ ጠቆር ያለ ቆዳ ባላቸው ሰዎች ላይ ደግሞ ጠባሳ ከልኩ አልፎ የሚያብጥበት ኬሎይድ የሚባለው ነገር ከነጮቹ ይልቅ ይበዛል። ጆሮዋን ተበስታ ወይም በልጅነቷ ቆስላ እንዲህ ያለ እብጠት የወጣባት ሴት ይህን ከማንም አስቀድማ ለሐኪሟ መናገር አለባት።

ማገገሙም የራሱ ዋጋ አለው። የመጀመሪያዎቹ ቀናት የእብጠትና የብልዝ ናቸው። ጠበቅ ያለ እጅጌ ለሳምንታት ይለበሳል። የቢሮ ሥራ ከ1 ወይም ከ2 ሳምንት በኋላ ይቻላል፤ ከባድ ዕቃ ማንሣትና እጅን ከትከሻ በላይ መስቀል ግን ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይከለከላል። ቁስሉ ሊያመረቅዝ፣ ስፌቱ ሊከፈት፣ ከቆዳ ሥር ፈሳሽ ሊጠራቀም፣ የክንዱ የውስጥ ቆዳ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዘለቄታው ሊደነዝዝ ይችላል። በካንሰር ሕክምና የብብታቸው እጢ የወጣላቸው ሴቶች ክንዳቸው በፈሳሽ ሊያብጥ ስለሚችል አብዛኛውን ጊዜ አይመከሩም። የሚያጨስ ሰው ቁስሉ ቶሎ አይድንም። ሐኪም ስፌቱን አሳምሮ ቢሠራም ዕድሜ ሥራውን አያቆምም፤ ቆዳ ከዓመት ዓመት መላላቱን ይቀጥላል።

እህቴ በታኅሣሥ ልትሠራው፣ በጥር ደግሞ ለእህታችን ልጅ ሠርግ ደብረ ታቦር ልትገባ ነበር ሐሳቧ። ክንዷ ገልጦ የሚያሳይ ቀሚስም መርጣለች። ቀኑን ስንቆጥር ነገሩ ተገለባበጠ። ሠርጉ የሚውለው ጠባሳው በቀላበትና እብጠቱ ባልጎደለበት ሰሞን ነው። ጎንደሬ በሠርግ ላይ እስክስታ ሲመታ ትከሻውን አይቆጥብም፤ እርሷ ግን እጇን እንኳ ከፍ እንዳታደርግ ሐኪም ያሰረባት ሰው ልትሆን ነው። ከቀዶ ጥገና በኋላ ብዙም ሳይቆዩ በረጅም በረራ መቀመጥም የደም መርጋትን አደጋ ይጨምራል። ለአንድ ቀን ደስታ ያሰበችው ነገር ያንኑ ቀን ሊወስድባት ነበር።

የደብረ ታቦር ልጅ መሆን በዚህ ጉዳይ ላይ ሌላም ሐሳብ ያስከትላል። ከተማችን ስሟን የወሰደችው ጌታ መልኩ ከተለወጠበት ተራራ ነው፤ ነሐሴ 13 ቀን ችቦ አብርተን፣ ጅራፍ አጩኸን የምናከብረውም ያንን መለወጥ ነው። ወንጌሉ ግን ታሪኩን በተራራው ጫፍ አይጨርሰውም። ከተራራው ሲወርዱ ከግርጌው የሚጠብቃቸው አንድ አባት ነበር፤ የሚጥል ሕመም ያለበት ልጁ ብዙ ጊዜ እሳት ላይ ይወድቅበታል።

ያ ልጅ በእኛ ደጋ ዛሬም አለ። ምድጃው መሬት ላይ በሆነበት ቤት የሚድኽ ሕፃን እሳት ውስጥ ይገባል፤ የሚጥል ሕመም ያለበትም ይወድቅበታል። ቃጠሎው ብብት ላይ ከሆነና በጊዜ ካልታከመ ቆዳው እየተኮማተረ ይድናል፤ ክንዱን ከደረቱ ጋር ያጣብቀዋል። ለዚያ ልጅ ክንድ ማንሣት ማለት በቀጥታ ክንድ ማንሣት ነው፤ ሸሚዝ መልበስ፣ ጅራፍ ማጮኽ። የተኮማተረውን ቆዳ ፈትተው፣ ከሌላ የገላው ክፍል ቆዳ ወስደው የሚያለብሱት የፕላስቲክ ቀዶ ጥገና ሐኪሞች ናቸው። አዲስ አበባ ያለው የካቲት 12 ሆስፒታል ከሁሉ በላይ የሚታወቀው በዚህ በቃጠሎ ሕክምና ነው። የእህቴን ክንድ የሚያጠበውና የዚያን ልጅ ክንድ የሚፈታው እጅ የተማረው አንድ ሙያ ነው።

ይህን የማነሣው እህቴን ለማሳፈር አይደለም። የአንዱ መከራ የሌላውን ምኞት ኃጢአት አያደርገውም። የማነሣው የሁለቱ ተስፋ ስለሚለያይ ነው። ልጁ ከቀዶ ጥገናው የሚጠብቀው ክንዱ እንዲነሣ ብቻ ነው፤ ከተነሣ ያሰበውን አገኘ። እኛ ግን ከክንድ ላይ ክንድ ያልሆነ ነገር እንጠብቃለን። መወደድን፣ ያለፉትን ዓመታት መካስን፣ ከራስ ጋር መታረቅን።

እዚህ ላይ ጋፋት ተመልሶ ይመጣብኛል። ሴባስቶፖል እንደ ሥራ ከታየ የተሳካ ሥራ ነበር። መድፍ መሥራት ሙያቸው ያልነበረ ሰዎች ንጉሡ የጠየቁትን ቅርጽ አወጡላቸው። ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ጥቅምት ከደብረ ታቦር ተነሥተው፣ መንገዱን በራሳቸው እጅ ጭምር እየጠረጉ፣ በመቶዎች የሚቆጠር ሰው እያስጎተቱ፣ መጋቢት ላይ መቅደላ አደረሱት። ሚያዝያ 3 ቀን በእሮጌ ሜዳ ጦርነቱ ሲሆን መድፉ የፈየደው ነገር አልነበረም። ከሦስት ቀን በኋላ ንጉሡ ራሳቸውን ሠዉ። መድፉ ዛሬም መቅደላ አምባ ላይ ነው፤ ምስሉ ደግሞ በአዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል። የቀላጮቹ እጅ አልሳተም። ንጉሡ የጠበቁት ግን ከመድፍ በላይ ነበር፤ የተበታተነ አገር፣ የከዳ ሠራዊት፣ የራቀ ወዳጅ በአንድ የነሐስ ጉሮሮ ተመልሶ እንዲመጣላቸው ነበር። ያንን ደግሞ የትኛውም እቶን አያፈስሰውም።

ቀዶ ጥገናም ተሳክቶ ተስፋ ሊከሽፍ ይችላል። ስለዚህ ለእህቴ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኋት፦ «እትዬ፣ ክንድሽ ካማረ በኋላ ከክንድሽ በቀር ምን እንዲለወጥ ትፈልጊያለሽ?»

ዝም አለች። ዝምታዋ ረዘመ። ቆይታ «ምንም ባይለወጥም እፈልገዋለሁ፤ ልብሴ እንዲገባልኝ» አለችኝ። ይህ መልስ ደስ አሰኘኝ፤ ሐኪም ሊሰጣት የሚችለው ነገር ነውና። ሠርጉን ባለችበት ክንድ ልትጨፍር፣ ስፌቱን ደግሞ ከዚያ በኋላ፣ በቂ ጊዜ ወስዳ ልታስበው ወሰነች።

ለእናታችን የነገርናት በመጨረሻ ነው። መጀመሪያ «አመመሽ እንዴ ልጄ?» ብላ ተጨነቀች። ሕመም እንዳልሆነ ስታስረዳት የራሷን ክንድ ገለጠች፤ በማገዶና በእንስራ የጠና፣ ከዚያም በዕድሜ የላላ ክንድ። «የእኔስ ይኸው አይደል?» አለች። እህቴ «የአንቺ የሥራ ነው እማዬ፤ የእኔ የሕመም ነው» ብላ መለሰችላት። እናቴ ነገሩን ጥቂት አወጣች አወረደች፤ አልተቃወመችም፣ አልመረቀችም። የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦

«እንግዲህ ስድስት ሳምንት ሙሉ ድስቱን ማን ሊያወርድልሽ ነው?»