ጅቡቲ በአምባዎቿ ላይ

ጥንታዊ ከተማ በከፍታ ላይ ሲሠራ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ጠላትን መከላከል ነው። አንኮበር በተራራ ጫፍ የተመሠረተችው፣ በደቡብ ፈረንሳይም እንደ ጎርድ ያሉት የድንጋይ መንደሮች በኮረብታ ላይ የተሰቀሉት ስለዚሁ ነው። የጅቡቲ ከተማ ግን በአምባ ላይ የቆመችው እንግዳን ለመቀበል ነው።

አምባ ሲባል አንባቢ ረጅም ተራራ እንዳይመስለው። የጅቡቲ አምባዎች ከባሕሩ ጥቂት ብቻ ከፍ የሚሉ የኮራል ድንጋይ ሜዳዎች ናቸው። ፈረንሳዮች በ1880 ዓ.ም. መርከብ የሚጠጋበትን ይህን ስፍራ መርጠው ከተማ ቆረቆሩ። የጅቡቲ አምባ፣ የእባብ አምባና የማራቡ አምባ የተባሉትም በድንጋይና በአፈር በተደለደለ መንገድ ተያይዘው አንድ ከተማ ሆኑ።

ጎብኚ ጉዞውን በእባብ አምባ አጠገብ ካለው ከአሮጌው ምድር ባቡር ጣቢያ ቢጀምር መልካም ነው። የሐዲዱ ሥራ በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ፤ ርዝመቱም 784 ኪሎ ሜትር ነበር። ዐፄ ኃይለ ሥላሴም ወደ ስደት ሲሄዱ በዚሁ ሐዲድ መጥተው፣ ሚያዝያ 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ኢንተርፕራይዝ በተባለው የእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሳፍረዋል።

ከዚያ ወደ ጅቡቲ አምባ ሲዘልቁ የምኒልክ አደባባይ ይገኛል። አገሪቱ ነጻ ከወጣች በኋላ አደባባዩ በነጻነቷ ቀን፣ በሰኔ 20 ቀን 1969 ዓ.ም. ተሰይሟል፤ ሆኖም ብዙ ሰው ዛሬም ምኒልክ ይለዋል። ዙሪያውን የከበቡት ነጫጭ ባለ ደርብ ቤቶች በረንዳቸው ባለ ቅስት ነው፤ በቀትርም ለመንገደኛው ጥላ ይሰጡታል። በኮራል ድንጋይ የተገነቡትን አሮጌ ግድግዳዎች ግን የባሕሩ ጨውና እርጥበት ይበላቸዋል። ከአደባባዩ ጥቂት ራመድ ሲሉ የሐሙዲ መስጊድ ነጭ ሚናራ ይታያል።

ዛሬ ከአገራችን የሚሄደው አዲሱ ባቡር የሚቆመው ከአሮጌው ከተማ ውጭ፣ በነጋድ ነው። ስለዚህ ለወደብ ጉዳይ የሄደ ሰው የአባቶቹን መንገድ ሳያይ ሊመለስ ይችላል። ከኅዳር እስከ የካቲት አየሩ ለስለስ ይላልና፣ በዚያ ወራት የሚሄድ ሰው አንድ ማለዳ ለአምባዎቹ ይስጥ። ታሪካችን ያለፈበት በር በእግር ተዳርሶ የሚያልቅ ነው፤ ድንጋዩ ግን ሁልጊዜ አይጠብቅም።