የዋጥኋት ቃል



ዛሬ የማካፍላችሁ ስለ አሜሪካ ፉትቦል ነው። «ይህ ሰው ደግሞ ምን ነካው?» እንደምትሉ አውቃለሁ። እኔም ሲያትል ከገባሁ ብዙ ዓመት ቢሆነኝም ጨዋታው ገና በደንብ አልገባኝም። ስሙ የእግር ኳስ ሆኖ ሳለ ኳሱን ለምን በእጅ ታቅፈው እንደሚሮጡ ልጄ ስንት ጊዜ አስረድቶኝ ሰልችቶታል። ነገር ግን ጌታ በዚሁ ጨዋታ በኩል አስተምሮኛል። ከማስተማርም አልፎ ወቅሶኛል። እንደ እኔ በስደት አገር ልጆች የምታሳድጉ ወላጆች ትጠቀሙበታላችሁ ብዬ ስላሰብሁ ነው ነገሩን ሳልሸፍን የምጽፈው።

በምንኖርበት በዋሽንግተን ግዛት ስማቸው የሚመሳሰል ሁለት ትልልቅ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። አንዱ እዚሁ ሲያትል ያለው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ነው። ሁለተኛው ዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ይባላል። ከሲያትል በስተ ምሥራቅ ወደ 460 ኪሎ ሜትር ርቆ፣ በስንዴ ማሳ መካከል ባለች ፑልማን በምትባል ትንሽ ከተማ ይገኛል። ልጄ እ.ኤ.አ. በ2022 የገባው ሁለተኛው ዘንድ ነው።

በዚያው ሰሞን የአንድ የቤተ ክርስቲያናችን ወንድም ልጅ ሲያትል ያለው ገባች። ጉባኤው ደስ አለው፣ እኔም ሄጄ እንኳን ደስ ያላችሁ አልሁ። ከአምልኮ በኋላ ሻይ ስንጠጣ ሰዎች ወደ እኔም ዞረው «ያንተስ ልጅ የት ገባ?» ሲሉኝ፣ «ዋሽንግተን» ብዬ ዝም እላለሁ። «ስቴት» የምትለዋን ቃል እውጣታለሁ። ሰሚው የመሰለውን እንዲያስብ እተወዋለሁ። ውሸት አልተናገርሁም ብዬ ራሴን አጽናናለሁ። አንዳንድ ጊዜ ልጄ አጠገቤ ቆሞ ነበር።

ወደ ፉትቦሉ ልመለስ።

እስከ 1984 ድረስ የኮሌጅ ፉትቦልን በቴሌቪዥን የማሰራጨት መብት የተቆጣጠረው ኤንሲኤኤ የሚባለው የኮሌጅ ስፖርት ማኅበር ነበር። አንድ ቡድን ስንት ጊዜ በቴሌቪዥን መታየት እንደሚችል እንኳ የሚወስነው እርሱ ነበር። የኦክላሆማና የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲዎች ከሰሱ፤ በዚያው ዓመት በጁን ወር የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 7 ለ 2 በሆነ ድምፅ ፈረደላቸው። ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤቶቹ ኮንፈረንስ በሚባሉት ማኅበሮቻቸው በኩል ጨዋታቸውን ለጣቢያዎች መሸጥ ጀመሩ፤ ጣቢያዎቹም መጫረት ጀመሩ።

ዋጋው ለምን እንዲህ እንደሚወደድ ልጄ ሲያስረዳኝ ገባኝ። ፊልምና ድራማ ሰው በፈለገው ሰዓት ያያል፣ ማስታወቂያውንም ይዘልላል። ጨዋታን ግን ሰው በሰዓቱ ካላየው ጣዕም የለውም፤ ስለዚህ ማስታወቂያውም ሲመጣ ቁጭ ብሎ ያያል። ጣቢያው የሚገዛው ኳሱን ብቻ አይደለም፣ የሰውን ዓይን ነው። ብዙ ዓይን ያለው ደግሞ በትልልቅ ከተማ ነው። የጨዋታው ሰዓት እንኳ ብዙውን ጊዜ የሚታወቀው ጣቢያዎቹ ከመረጡ በኋላ፣ 12 ቀን ወይም 6 ቀን ሲቀረው ነው።

ሁለቱ የዋሽንግተን ትምህርት ቤቶች ፓክ 12 በሚባል የምዕራብ ጠረፍ ኮንፈረንስ ውስጥ አብረው ነበሩ፤ ታሪኩ እስከ 1915 ይደርሳል። በ2022 በጁን መጨረሻ የሎስ አንጀለስ ሁለት ታላላቅ ትምህርት ቤቶች ትተውት ወደ ቢግ ቴን እንደሚሄዱ አስታወቁ። በኦገስት ወር ቢግ ቴን ከፎክስ፣ ከሲቢኤስና ከኤንቢሲ ጋር የ7 ዓመት ውል ገባ፤ ዋጋውም ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ እንደሆነ ተዘገበ። ጥቂት ቆይቶ ቢግ 12 የተባለው ሌላው ኮንፈረንስ ከኢኤስፒኤንና ከፎክስ ጋር ውሉን ቀድሞ አደሰ። ፓክ 12 ግን ገዢ ሲጠብቅ ወራት አለፉ። በ2023 በጋ ዋነኛ ሆኖ የቀረበለት የአፕል ኩባንያ ሐሳብ ነበር፤ ጨዋታው በኢንተርኔት እንዲታይ፣ ክፍያውም በከፊል በተመዝጋቢ ቁጥር ላይ እንዲመሠረት።

ኦገስት 4 ቀን 2023 ዓርብ ነበር። ልጄ ለእረፍት ቤት ነው፤ ሳሎን ተቀምጦ ስልኩን ያያል። በዚያ አንድ ቀን የሲያትሉ ዩኒቨርሲቲና ኦሪገን ወደ ቢግ ቴን፣ ሦስት ሌሎች ደግሞ ወደ ቢግ 12 እንደሚሄዱ ተነገረ። ኮሎራዶ ከሳምንት በፊት ሄዷል። ከ12ቱ አራት ቀሩ።

ልጄ ስልኩን ሶፋው ላይ ጣል አደረገና «አባዬ፣ ማንም አልፈለገንም» አለኝ።

እኔም ለሥራ ልወጣ ቁልፍ እየፈለግሁ ስለነበር፣ «ኳስ ነው እኮ ልጄ፤ ትምህርቱ አይለወጥም» አልሁት።

ዝም ብሎ ቆየና፣ ሳይቆጣ፣ ቀስ ብሎ እንዲህ አለኝ፦ «አንተም እኮ ሰው ሲጠይቅህ ስሙን አትጠራውም።»

ወገኖቼ፣ ያን ቀን ከአየር ማረፊያ ስንት መንገደኛ እንዳመላለስሁ አላስታውስም። ያ ቃል ግን ታክሲው ውስጥ አብሮኝ ዋለ። ልጁ ዓመቱን ሙሉ ሰምቶ ኖሯል። ሻይ ይዞ አጠገቤ የቆመ ጊዜ አባቱ የሚውጣትን ቃል ቆጥሯል። ጣቢያዎቹ ያልፈለጉት በአንድ ዓርብ ነው፤ እኔ ግን ከዚያ በፊት ስንት እሑድ ቀድሜአቸው ነበር።

በሴፕቴምበር መጀመሪያ ከቀሩት አራቱ ሁለቱ፣ ስታንፎርድና የበርክሌው ካሊፎርኒያ፣ ሌላ ቦታ አገኙ። በሰላማዊ ውቅያኖስ ዳር የሚኖሩ ትምህርት ቤቶች በአትላንቲክ ጠረፍ ስም የሚጠራ ኮንፈረንስ ገቡ። ገበያ ካርታ አያይም። የቀሩት ዋሽንግተን ስቴትና ኦሪገን ስቴት ብቻ ሆኑ።

ሁለቱ የተተዉ ቡድኖች ሴፕቴምበር 23 ቀን ፑልማን ላይ እንደሚጋጠሙ ልጄ ነገረኝ። ቅዳሜ ለእኛ ለታክሲ ነጂዎች ጥሩ ቀን ነው። ልጄን የመጀመሪያው ዓመት ላይ ሻንጣውን አድርሼ ከተመለስሁ ወዲህ አንድም ጊዜ ሄጄ አልጠየቅሁትም፤ ሁልጊዜ ሥራ ነበረብኝ። ባለቤቴ «ዘንድሮስ አትቀርም» አለችኝ። ዶሮ ወጥና እንጀራ ቋጥራልኝ፣ ሌሊት ተነሥቼ ነዳሁ። ተራራውን አለፍሁ፣ የኮሎምቢያን ወንዝ ተሻገርሁ፤ ከዚያ በኋላ ስንዴው የታጨደበት ኮረብታ እስከ አድማስ ድረስ ነው። አገር ቤት ያደግሁበትን መሬት አስታወሰኝ። እንዲህ ያለ ቦታ ልጄ እንደሚኖር እስከዚያ ቀን ድረስ ልብ ብዬ አላየሁም ነበር።

ስታዲየሙ ወደ 33 ሺህ ሰው የሚይዝ ነው፤ የሲያትሉ ከእጥፍ በላይ ነው። ነገር ግን እንደዚያ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። ልጄ ጓደኞቹን አስተዋወቀኝ፤ አንዱ የገበሬ ልጅ፣ አንዱ ከሜክሲኮ ቤተሰብ፣ አንዷ ወላጆቿ ከኤርትራ የመጡ። ሁሉም ዶሮ ወጡን በልተውታል። ዋሽንግተን ስቴት 38 ለ 35 አሸነፈ። ሰው ይጮኻል፣ ልጄ አቀፈኝ፤ እኔ ደግሞ በዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል እንባዬ መጣ። ያሸነፉ ስለመሰለው ሳቀብኝ። የማለቅሰው ለምን እንደሆነ የነገርሁት ማታ፣ ክፍሉ ውስጥ ሻይ ስንጠጣ ነው።

«ልጄ፣ አፍሬብህ አይደለም፤ ሰው ፊት ትልቅ መስዬ መታየት ፈልጌ ነው። ይቅር በለኝ» አልሁት። አንገቱን ደፍቶ ቆየ። «አውቃለሁ አባዬ» አለኝ። ይቅር ብዬሃለሁ አላለኝም፤ ግን ብርድ ልብሱን ለእኔ ሰጥቶ እርሱ ወለል ላይ በጃኬት ተኛ።

ሌሊቱን እንቅልፍ ስላልወሰደኝ 1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 16ን አነበብሁ። ነቢዩ ሳሙኤል የዘይት ቀንድ ይዞ ቤተ ልሔም መጥቷል፤ ከእሴይ ልጆች አንዱን ሊቀባ ነው። እሴይ ሰባት ልጆቹን በየተራ አሳለፈ። ቁመናው ያማረው ኤልያብ ሲቀርብ ነቢዩ ራሱ እንኳ ተታሎ ነበር፤ ጌታ ግን እርሱ ሰው እንደሚያይ እንደማያይ፣ ልብን እንደሚያይ ነገረው። ሰባቱ ካለፉ በኋላ ሳሙኤል ሌላ ልጅ እንዳለ ይጠይቃል። ያን ጊዜ እሴይ ታናሹ ከበጎቹ ጋር መሆኑን ይናገራል።

ይህን ክፍል ስንት ጊዜ ሲሰበክ ሰምቻለሁ፤ ሁልጊዜም ራሴን በዳዊት ቦታ አደርግ ነበር። ስደተኛ ነኝ፣ ታክሲ ነጂ ነኝ፣ ሰው ያልቆጠረኝን ጌታ ቆጠረኝ እያልሁ እጽናና ነበር። በዚያች ሌሊት ግን መንፈስ ቅዱስ ጣቱን ወደ ሌላ ስም ጠቆመኝ። በዚህ ታሪክ ውስጥ አንተ እሴይ ነህ አለኝ። እሴይ ክፉ አባት አልነበረም፤ ልጁን አልደበደበውም፣ ከቤት አላባረረውም። ሳይጠየቅ ግን ስሙን አልጠራውም። እንግዳ ሲመጣ ከሚያሳያቸው ልጆች መካከል አላስገባውም።

ጣቢያዎቹን አልፈርድባቸውም። ነጋዴዎች ናቸው፤ ዓይን ወዳለበት ይሄዳሉ፣ ትምህርት ቤቶቹም ገንዘብ ወዳለበት ሄዱ። የጨረታ ሕጉ እንዲህ ነው፤ ዋጋህ ሰው ሊከፍልልህ እስከ ወደደው ድረስ ብቻ ነው። ጥፋቱ ይህ ሕግ ወደ ቤታችንና ወደ ቤተ ክርስቲያናችን ሲገባ ነው። «የት ገባ? ምን ያጠናል? ስንት ይከፈለዋል?» እያልን ልጆቻችንን በጉባኤ ፊት እናጫርታለን። ሐኪምና ኢንጂነር የሆነው ስሙ ይጠራል። ትምህርቱ የከበደው፣ ሥራ ያጣው፣ በሱስ የተያዘው ግን «ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ተብሎ ይታለፋል። ልጆቹም ይሰማሉ። አማርኛው ባይገባቸው እንኳ ዝምታው ይገባቸዋል።

ወንጌል ግን ሌላ ዓይነት ዋጋ ነው። ሐዋርያው ጴጥሮስ የተዋጀነው በብር ወይም በወርቅ ሳይሆን በክርስቶስ ክቡር ደም መሆኑን ጽፎልናል። ጌታ የከፈለው ብዙ ተመልካች ስላለን አይደለም፤ የሚያተርፍበት ነገር ስላገኘብንም አይደለም። ማንም እጁን ባላነሣልን ጊዜ፣ እኛም ገና ጠላቶቹ ሳለን፣ ወደደንና ከፈለ። እንዲህ ተገዝቼ ሳለሁ በሰው ዓይን ትንሽ ከፍ ለማለት የልጄን ትምህርት ቤት ስም መዋጤ፣ ዋጋዬን መርሳቴ ነበር።

በሚቀጥለው ወር በጉባኤያችን ለተማሪዎች ጸሎት ተደረገ፤ ወላጆች የልጆቻቸውን ስምና ትምህርት ቤት እየተናገሩ ተነሡ። ተራዬ ሲደርስ ጉሮሮዬ ደረቀ። ሰው ያን ያህል ትልቅ ነገር አይደለም ይል ይሆናል፤ ለእኔ ግን ንስሐ ነበር። «ልጄ ዋሽንግተን ስቴት ነው፤ ፑልማን። እስከ ዛሬ ሲያትል ያለው እንዲመስላችሁ ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ ይቅር በሉኝ» አልሁ። ጥቂቶች ሳቁ። ከአምልኮ በኋላ ግን አንዲት እናት ወደ እኔ መጣችና፣ ከዓመት በፊት ትምህርት ስላቋረጠው ልጇ ለመጀመሪያ ጊዜ ነገረችኝ። እዚያው ቆመን ስሙን ጠርተን ጸለይን።

ሁለቱ የተተዉ ቡድኖች በ2024 ብቻቸውን እንደ ኮንፈረንስ ተጫወቱ፤ በኋላም እንደ ቦይዚ ስቴት ያሉ ሌሎች ትምህርት ቤቶች ሊቀላቀሏቸው ተስማሙ። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ዋሽንግተን ስቴት የሲያትሉን ጎረቤቱን እዚሁ ሲያትል ላይ 24 ለ 19 አሸነፈው። ልጄ ደውሎ ሲጮህ ስልኩን ከጆሮዬ ማራቅ ነበረብኝ። ደስ ብሎኛል፤ ነገር ግን ያ ጨዋታ ቢሸነፉም ስማቸውን እጠራ እንደሆነ ራሴን ጠየቅሁ። ልጄ የሚያሸንፍበት ቀን ብቻ ስሙን ብጠራ አሁንም ገበያ ውስጥ ነኝ።

እስቲ በዚህ ሳምንት ይህን በጌታ ፊት ይዘን እንቅረብ፦ ሰው ሲጠይቀኝ ስሙን የምውጠው ማንን ነው?

አባት ሆይ፣ ማንም ባልፈለገን ጊዜ ስለ ፈለግኸን እናመሰግንሃለን። ልጆቻችንን በሰው ሚዛን መዝነን ስላሳዘንናቸው ይቅር በለን። ከበጎቹ ጋር የቀረውን ልጃችንን በፊትህና በሰው ፊት ስሙን እንድንጠራ ድፍረት ስጠን። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።

ተባረኩ።