በረሃና ምድረ በዳ
(በአንድ ፊልም ላይ ስለ ተከፋፈለ አስተያየት)

በአንድ ማዕድ የቀረቡ ሰዎች አንዱን ወጥ፥ ይህ «ጨው በዛበት»፥ ያ ደግሞ «አልጫ ነው» ቢሉ ጥፋቱ ሁልጊዜ የባለሙያዋ አይደለም። እያንዳንዱ ከቤቱ ይዞት የመጣው አፍ አለና ነው። ፊልምም እንዲሁ ነው። ተመልካቹ በአዳራሹ ውስጥ የሚያየው በፊቱ የተዘረጋውን ሥዕል ብቻ ሳይሆን አስቀድሞ በልቡ ያለውን ጭምር ነው።

ለዚህ ነገር አብነት የሚሆነን «ሲራት» የተባለው ፊልም ነው። የሠራው ኦሊቨር ላሼ የሚባል፥ ከስፔን ጋሊስያ ወላጆች በፈረንሳይ አገር የተወለደ ሰው ነው። በግንቦት 2017 ዓ.ም. በካን ከተማ በተደረገው የፊልም በዓል ይህ ሥራ የዳኞችን ሽልማት ከአንድ የጀርመን ፊልም ጋር ተካፍሏል። ሆኖም በየአገሩ ያዩት ሰዎች በሁለት ተከፍለዋል፤ ከፊሉ ድንቅ ሥራ ነው ሲል፥ ከፊሉ ተመልካችን በከንቱ የሚያስጨንቅ ጭካኔ ነው ይላል።

ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው። ሉዊስ የተባለ አባት ከትንሽ ወንድ ልጁ ጋር ሆኖ የጠፋችበትን ሴት ልጁን ሊፈልግ ወደ ሞሮኮ በረሃ ይሄዳል። በዚያም የአውሮፓ ወጣቶች ትልልቅ የድምፅ ማጉያ ደርድረው ቀንና ሌሊት ከሚጨፍሩበት ስፍራ ይደርሳል። ወታደሮች መጥተው ጭፈራውን ሲበትኑ፥ ከጨፋሪዎቹ ጥቂቶቹ ወደ ሌላ ጭፈራ ያመልጣሉ፤ አባትም ልጄን አገኝ ይሆናል ብሎ ይከተላቸዋል። በተራራው መንገድ ላይ ትንሹ ልጅ የተቀመጠበት መኪና ወደ ኋላ ተንሸራቶ ገደል ይገባል። የቀሩትም ፈንጂ በተቀበረበት ሜዳ መካከል መቆማቸውን የሚያውቁት፥ አንዲቱ ባልንጀራቸው እየጨፈረች ሳለች ስትሞት ነው። የተፈለገችውም ልጅ እስከ መጨረሻው አትገኝም።

እኛ ይህን ፊልም ያየነው ለመንግሥት ሥራ ወደ ካምፓላ ተልከን ሳለን፥ ናሙዎንጎ በተባለው ሠፈር ነው። ናሙዎንጎ ከላይ ደህና ደህና ቤቶችና ሆስፒታል ያሉበት፥ ከታች ግን የባቡር ሐዲዱን ተከትሎ የድኾች ጎጆ የተጠጋጋበት ሠፈር ነው። አንድ ያገራችን ሰው ከምግብ ቤቱ በስተኋላ ባለው ክፍል ነጭ አንሶላ በግድግዳው ላይ ሰቅሎ ነበርና፥ አሥራ አምስት ያህል ሆነን ተመለከትን።

ፊልሙ እንዳለቀ ክርክሩ ተነሣ። አስቀድመው የተናገሩት የወሎ ተወላጅ የሆኑ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። «ሲራጥ ማለት በገሃነም ላይ የተዘረጋ ድልድይ ነው፤ ከፀጉር የቀጠነ፥ ከሰይፍ የሰላ ነው ብለው አስተምረውናል። የፊልሙን ስም ያወጣው ሰው ነገሩ ገብቶታል» ብለው አመሰገኑ።

ጎረቤታችን የሆነው ኡጋንዳዊ ግን አልተደሰተም። በካምፓላ «ኪባንዳ» በሚባሉት የቪዲዮ አዳራሾች «ቪጄ» የተባለ ተርጓሚ የውጭውን አገር ፊልም በሉጋንዳ ቋንቋ እየተረከ፥ እየቀለደም ለሕዝቡ ያሰማል። «ይህ ፊልም ቪጄ ያስፈልገዋል፤ ዝምታው በዛ» አለን። ሳቅንለት፤ ነገሩ ግን የሚናቅ አልነበረም። መከራን ብቻውን በዝምታ እንዲያይ ያልለመደ ሕዝብ አጽናኝ ድምፅ ቢሻ አይፈረድበትም።

ከዚህ በኋላ አንድ መምህር ተነሥቶ፥ «እኔ ያላመንኩት ልጁ ከሞተ በኋላ ያለውን ነው። ልጁን በገደል ያጣ አባት እንዴት ከእነዚያ ሰዎች ጋር መንገዱን ይቀጥላል? ሰው እንዲህ አይደለም» ሲል ብዙዎች ደገፉት። አንዲት እናትም፥ «እኔ ብሆን ከገደሉ አፋፍ አልነሣም ነበር» አሉ።

በዚህ ጊዜ እስከዚያ ድረስ ዝም ብሎ የተቀመጠ አንድ ጎልማሳ ተናገረ። ይህ ሰው ከብዙ ዓመት በፊት በሱዳን በኩል ሰሃራን አቋርጦ እስከ ሊብያ ደርሶ የተመለሰ ነው። «እማማ፥ ይነሣሉ። ወንድሜ በመንገድ ሲሞት በእጃችን አሸዋ ጫርንበትና ወደ መኪናው ተመለስን። ሹፌሩ አይጠብቅም፤ ውኃውም አይበቃም። በዚህ ፊልም ውስጥ እውነት ሆኖ ያገኘሁት እናንተ ያላመናችሁትን ነው» አለ። ጥቂት ዝም ብሎም፥ «ውሸቱ ሌላ ነው። እኔ የማውቀው በረሃ ባዶ አይደለም። ደላላ አለበት፥ ሹፌር አለበት፥ የተጠማ ሰው አለበት፥ መቃብር አለበት» ሲል ጨመረ። መምህሩ መልስ አልሰጠም። እናቲቱም ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ።

አማርኛን የሚማሩ አንባቢዎቻችን እዚህ ላይ ሁለት ቃላት ለይተው እንዲይዙ እንወዳለን። የአፍ መፍቻ ቋንቋችን ትግርኛ ስለ ሆነ እኛም የአማርኛን ቃል እየመዘንን የምንይዝ ነን። «ምድረ በዳ» ማለት ሰው የሌለበት፥ ጠፍ የሆነ ምድር ነው። «በረሃ» ግን ሙቀቱ የሚያቃጥል፥ ውኃው የራቀ ይሁን እንጂ ሰው የሚኖርበት፥ ነጋዴ የሚያልፍበት፥ የሸፈተም የሚገባበት አገር ነው። ከትግራይ ደጋ ግመልና በቅሎ እየነዱ ጨው ሊጭኑ ወደ አፋር የሚወርዱት አርሆ የሚባሉት ነጋዴዎች የሚሄዱት ወደ በረሃ እንጂ ወደ ምድረ በዳ አይደለም። እንግዳ ሰው ባዶ ነው በሚለው በዚያ ሜዳ አፋሩ ቤት አለው፥ ውኃው ያለበትንም ያውቃል።

እንግዲህ የክርክሩ ሥር ይህ ይመስለናል። ፊልሙን ያደነቁት ምድረ በዳን አዩ፤ የሰው ነፍስ ራቁቷን ቆማ የምትፈተንበትን ስፍራ ማለት ነው። ያ ጎልማሳ ያየው በረሃን ነው። የፈንጂውም ነገር ቢሆን ተመልካችን ለማስደንገጥ ብቻ የታሰበ ፈጠራ አይደለም። ሞሮኮ እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 1987 በምዕራብ ሰሃራ ያሠራችው፥ 2,700 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው የአሸዋ ግንብ በብዙ ፈንጂ የታጠረ ነው። በእኛም አገር ሰሜን ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. በተደረገው ጦርነት የተቀበረው ፈንጂ ከሰላሙ በኋላ እረኞችን ጎድቷል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

በተማርንበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ፊልም ባሳዩን ቁጥር መምህራችን፥ «ምን ትምህርት አገኛችሁ?» ብለው ይጠይቁን ነበር። ለ«ሲራት» እንዲህ ያለ አጭር መልስ የለንም። ለሕፃናት የሚሆን ፊልም አይደለም፤ ልጁ በመንገድ የቀረበት ቤተሰብም ሳያስብ ባይከፍተው መልካም ነው። ለሌላው ግን ይታይ እንላለን፤ ብቻውን ሳይሆን ከሰው ጋር።

የሕዝብን ጉዳይ በየዕለቱ የምንሰማ የመንግሥት ሠራተኞችም ከዚህ የምንወስደው ነገር አለ። ሁለት ሰዎች ስለ አንድ ነገር ተለያይተው ሲናገሩ ማን ትክክል እንደ ሆነ ከመፍረዳችን በፊት፥ እያንዳንዱ በየትኛው መንገድ እንደ መጣ ብንጠይቅ ፍርዳችን ይቃናል። በዚያች ምሽት ማንም ያን ጎልማሳ ባይጠይቀውና እሱም ዝም ብሎ ቢሄድ ኖሮ፥ ሁላችንም የማይታመነውን እውነት ውሸት ነው ብለን በአንድ ድምፅ ወስነን ወደየቤታችን እንገባ ነበር።