ቄጠማ ውስጥ ያለችው ወፍ

ክረምት የወፍ ወቅት አይደለም የሚሉን ጓደኞች አሉን። ዝናቡ ከቤት አያስወጣም፣ ጭቃው እግር ይይዛል፣ ጉሙ ዓይን ይጋርዳል፤ ታዲያ ሰው በነሐሴ ምን ሊያይ ነው ከረግረግ ረግረግ የሚንከራተተው? ይላሉ። ነገሩ ሐሰት አይደለም። በአንድ ቀን ብዙ ዓይነት ወፍ ለመቁጠር ለሚፈልግ ሰው ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ይሻላል። ያን ጊዜ ከአውሮፓና ከእስያ ብርዱን ሸሽተው የሚመጡት ወፎች ሐይቆቻችንን ይሞሏቸዋል። እኛ የምንፈልጋት ወፍ ግን ከብዙዎቹ ወገን አይደለችም፤ በአገራችን የምትታየውም በክረምት ነው።

አገራችን ከ850 በላይ የወፍ ዓይነቶች አሏት። ከእነዚህም ውስጥ ከኢትዮጵያ ውጭ ጨርሶ የማይገኙ አሉ። «ታዲያ ሁሉም ተጠንቶ አልቋል፤ ለእኛ ምን ቀረን?» የሚል ሠልጣኝ ቢኖር ሁለት ነገር እንንገረው። በአንኮበር ገደል ላይ የምትኖረው ትንሽ ጥሬ ለቃሚ ወፍ በሳይንስ ስም የወጣላት እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። ገበሬው በየቀኑ ሲያያት ኖሯል፤ መጽሐፍ ግን አያውቃትም ነበር። ሁለተኛው ከዚህም ይብሳል። እ.ኤ.አ. በ1990 የነጭ ሣር ሜዳን ለማጥናት የመጡ ሰዎች መንገድ ላይ ሞቶ የተጣለ የሌሊት ወፍ በራሪ አገኙ። የሌሊት ወፍ ስንል ያችን ጥርስ ያላትን ማለታችን አይደለም፤ በማታ እየበረረ ነፍሳት የሚለቅም እውነተኛ ወፍ ነው። ከአካሉ ለጥናት የተረፈው አንድ ክንፍ ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 በዚያችው ክንፍ አዲስ ዝርያ ተብሎ ተመዘገበ፤ የሳይንስ ስሙም «ብቸኛ ክንፍ» እንደ ማለት ነው። እንግዲህ ሥራው አልቋል ማለት እንዴት ይቻላል?

እኛ አራት ነን፤ ሦስት ሠልጣኞችና አንድ የባዮሎጂ መምህራችን። ያለን የሩቅ ማያ መነጽር ሁለት ነው፤ በየተራ እንይዘዋለን። ከዚህ ሌላ ቦት ጫማ፣ ላስቲክ፣ አንድ ደብተር፣ እርሳስና በሶ እንይዛለን። እስክሪብቶ አንይዝም፤ ዝናብ ሲነካው ቀለሙ ስለሚፈስ በአንድ ቀን የተጻፈው ሁሉ ሰማያዊ ውሃ ይሆናል። ባለፉት ሁለት ክረምቶች ሦስት ቦታ ሄደናል።

መጀመሪያ የሄድነው ገፈርሳ ነው። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ በአምቦ መንገድ 18 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኝ የከተማዋ የውሃ ማጠራቀሚያ ነው። እዚያ ለጀማሪ የሚሆን ትምህርት ሞልቷል። ጉሮሮው ላይ ሥጋ የተንጠለጠለበት፣ ምንቃሩ እንደ ማጭድ የታጠፈ ትልቅ ወፍ ከሩቅ እየጮኸ ይቀበላል፤ ይኸ በደጋችን ሁሉ የሚገኝ ስለሆነ ብዙ ሰው ልብ አይለውም እንጂ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በቀር ሌላ አገር የለውም። በውሃው ዳር ጭራዋን ብድግ እያደረገች ከሥሩ ነጭ የምታሳይ፣ ቡናማ፣ ሰው እምብዛም የማትፈራ የረግረግ ዶሮ አየን። ቀጥሎም ሰማያዊ ክንፍ ያለውን ዝይ አገኘን። ቆሞ ሲታይ አመድማ ነው፤ አንገቱን ጀርባው ላይ አጋድሞ ሲሄድ የታመመ ይመስላል። ሲነሣ ግን ያ ሰማያዊ ክንፍ ይገለጣል። ከመካከላችን አንዱ «እንዴ! ይሄ ሁሉ የት ተደብቆ ነበር?» አለ። መልሱ ቀላል ነው፤ በታጠፈው ክንፉ ውስጥ።

ሁለተኛው ጉዟችን ከእንጦጦ ጀርባ ወዳለው ወደ ሱሉልታ ሜዳ ነበር። ያችን ብርቅ ወፍ በ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ገደማ አጥኚዎች ያገኙባት ስለነበር በታላቅ ተስፋ ነበር የሄድነው። ከሚኒባስ ወርደን ግማሽ ቀን ዞርን። ጉሮሮው የብርቱካን ቀለም ያለው፣ አንገቱ ላይ ጥቁር ሐብል ያሰረ የሚመስለውን የሣር ሜዳ ወፍ አየን፤ እሱም የኢትዮጵያ ብቻ ነው። ረግረጉ ግን ብዙው አጥር፣ ቤትና ፋብሪካ ሆኗል። የቀረው ቦይ ተቆፍሮለት ውሃው ወርዷል። ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ ሰው ቤት ያስፈልገዋል፣ ሥራም ያስፈልገዋል። ነገር ግን አንድ ሜዳ ሲደርቅ ከሜዳው ጋር ምን እንደሚሄድ የሚቆጥር ሰው እዚያ ቦታ ላይ አልነበረም። ያን ቀን በደብተራችን «አልተገኘችም» ብለን ጽፈን ተመለስን።

አሁን ስለ ወፏ እንናገር። የሳይንስ ስሟ ሳሮትሩራ አይረሲ ነው፤ እኛ ባለ ነጭ ክንፏ እያልን እንጠራታለን። ቁመቷ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ወንዱ ራሱና ደረቱ ቀይ ዳማ ሲሆን ሴቷ ጠቆር ትላለች። አበው «የወፍ ወንዱ፣ የሰው ሆዱ አይታወቅም» ይላሉ፤ በዚህች ወፍ ላይ የተረቱ ግማሽ አይሠራም፤ ችግሩ ወንዱን መለየት ሳይሆን ወንዱንም ሴቷንም ማየት ነው። ቀኑን ሙሉ ውሃ ባቆረ ቄጠማ ውስጥ እንደ አይጥ እየተሹለከለከች ትውላለች። ካልተገደደች አትበርም። ስትበር ደግሞ እግሯን አንጠልጥላ ጥቂት ሜትር ሄዳ ትወድቃለች፤ በዚያች ቅጽበት ክንፏ ላይ ያለው ነጭ ብልጭ ይላል።

ለሳይንስ የታወቀችው ከደቡብ አፍሪካ በተገኘ ናሙና እ.ኤ.አ. በ1877 ነው። በእኛ አገር የምትራባው ከሐምሌ እስከ መስከረም መጀመሪያ በጥቂት የደጋ ረግረጎች ነው። ለብዙ ዘመን ጎጆዋ የተገኘው በኢትዮጵያ ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 ግን ሚድልፑንት በተባለ የደቡብ አፍሪካ ረግረግ የተተከሉ ካሜራዎች እዚያም ስትራባ አሳዩ። በዓለም ላይ ያሉት ለአካለ መጠን የደረሱ ወፎች ከ250 እንደማይበልጡ ስለተገመተ እ.ኤ.አ. በ2013 ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ዝርዝር ውስጥ ገብታለች። ከ250 በታች ማለት ከአንድ የተቋማችን የጠዋት ሰልፍ የሚያንስ ቁጥር ነው።

ሦስተኛው ጉዟችን ወደ በርጋ ነበር። በርጋ በምዕራብ ሸዋ፣ ከሆለታ ወዲያ በአዲስ ዓለም አካባቢ የሚገኝ ወንዝና ሜዳ ነው፤ ውሃው ወደ አዋሽ ይገባል። በነሐሴ ሜዳው ሁሉ ቄጠማና ውሃ ሆኖ ጠበቀን። ከዳሩ ቆመን ስንመለከት አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ላሞቻቸውን እየነዱ መጡ።

«ልጆቼ፣ ምን ጠፋባችሁ?» አሉን።

«ወፍ ነው የምንፈልገው፣ አባባ።»

«ወፍማ ሞልቷል። የትኛዋን?»

መልኳን ነገርናቸው፤ ነጩን ክንፍ በእጃችን ጭምር አሳየናቸው። ሳቁ።

«እሷንማ ሣር ሲታጨድ ከእግራችን ሥር ብድግ ትላለች። እኔ ሳልፈልጋት አያታለሁ፤ እናንተ ፈልጋችሁ ታጧታላችሁ።»

ከዚያ በኋላ ወዴት እንደምትገኝ በዱላቸው አመለከቱን። አንዱ ጓደኛችን «መምህር፣ ተሰልፈን እንግባና እናስነሣት፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ እናያታለን» አለ። እውነትም አጥኚዎች በፈቃድና በጥንቃቄ እንዲህ ያደርጋሉ። መምህራችን ግን ቦታው ጎጆ ያለበት ወቅት መሆኑን አስታወሱን። ጎጆው ቄጠማው መካከል ነው። አንድ ቦት ጫማ የሚያርፍበት ቦታ ላይ የአንድ ክረምት ጫጩት ሊያልቅ ይችላል። ተከራከርን። ከሩቅ የመጣነው፣ የአውቶቡስ የከፈልነው፣ የተበሰበስነው ለማየት ነው፤ ሳናይ ልንመለስ ነው? በመጨረሻ ከረግረጉ ሳንገባ ከዳር ሆነን እንድንጠብቅ ተስማማን።

ሁለት ቀን ጠበቅን። ሽማግሌው እየተመላለሱ ይጎበኙን ነበር። በሁለተኛው ቀን አጠገባችን ተቀምጠው ጭንቀታቸውን ነገሩን። «ወፏን ጠብቁ ይሉናል፤ ደስ ይለናል። ከብቶቹን ከዚህ አውጥቼ ግን የት ላድርሳቸው? ክረምት ላይ ሌላው መሬት ሁሉ ታርሷል። ወፏም ነፍስ ናት፤ ላሚቱም ነፍስ ናት» አሉ። ወዲያው የሚመልስላቸው አልነበረም። ይህ በመማሪያ ክፍል የሚፈታ ሒሳብ አይደለም።

የአካባቢው ሰዎች ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። እ.ኤ.አ. በ1966 በተቋቋመው በኢትዮጵያ የዱር ሕይወትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር እርዳታ ተደራጅተው፣ በመራቢያው ወራት ከብት ወደ ረግረጉ እንዳይበዛ ሲጥሩ ቆይተዋል። ከደቡብ አፍሪካ የወፏ ወዳጆች በተገኘ ድጋፍም በአካባቢው ለልጆች ትምህርት ቤት ተሠርቷል። እኛን ከሁሉ የነካን ይኸኛው ነው። አንዲት ከእፍኝ የማትበልጥ ወፍ ለገበሬ ልጆች ትምህርት ቤት አስገኘች፤ ልጆቹ ደግሞ ለወፏ ጠባቂ ሊሆኑ ይችላሉ። እዚያ ክፍል ውስጥ ጠመኔ ይዞ የሚቆመው ማን ነው? ዛሬ ይህን ግድግዳ ከሚያነቡት አንዱ ሊሆን አይችልም?

በሁለተኛው ቀን አመሻሹ ላይ ዝናቡ አባራ። ሁለት ላሞች ከመንጋው ተነጥለው ወደ ቄጠማው ጠርዝ ሲገቡ ከፊታቸው አንድ ትንሽ ነገር ብድግ አለ፤ እግሩ ተንጠልጥሏል፣ ክንፉ ላይ ነጭ ብልጭ አለ፣ ወዲያው ወደቀ። ከሁለት ትንፋሽ አይበልጥም። መነጽር የደረሰለት ከእኛ አንዱ ብቻ ነበር። «መምህር፣ እሷ ናት!» ብሎ ጮኸ። ሌሎቻችን በባዶ ዓይን ነጩን አየን፤ ሌላውን አላየንም።

የማታው ክርክር ከዚህ ተነሣ። በደብተሩ ላይ ምን ይጻፍ? አንዱ «ታየች ብለን እንጻፍ፤ ነጭ ክንፍ፣ ቄጠማ፣ ነሐሴ፣ በርጋ፤ ሌላ ምን ትሆናለች?» አለ። ሌላው ደግሞ «ቀለሙን፣ ራሱን፣ ጭራውን ያላየን ሰዎች እንዴት እንመሰክራለን?» አለ። ልባችን ሁሉ ከመጀመሪያው ጋር ነበር፤ ለዚህች ቃል ሁለት ክረምት ደክመናል። ሆኖም መምህራችን አንድ ነገር ጠየቁን። «ነገ ተማሪያችሁ ያላየውን አየሁ ብሎ ቢጽፍ ምን ትሉታላችሁ?» አሉ። ከዚያ በኋላ የተጻፈው ይህ ነው፤ «ትንሽ ወፍ፣ ክንፏ ላይ ነጭ፣ ሁለት ትንፋሽ ያህል፣ በአንድ መነጽር። ሳትሆን አትቀርም፤ አልተረጋገጠም።»

ይህች አጭር ጽሑፍ ከብዙ ጉራ ትበልጥብናለች። ስለ አንድ ረግረግ ውሳኔ የሚሰጡት ሰዎች የሚያምኑት ደብተር እንዲህ ያለው ነው። ባልታየበት ታየ ቢባል ገንዘብና ድካም ያለ ቦታው ይፈስሳል፤ በታየበት ዝም ቢባል ደግሞ ሜዳው በዝምታ ይደርቃል።

ውድ ሠልጣኞች፣ ሁላችንም በርጋ አንመደብም። የምንመደብበት ቀበሌ ግን ሁሉ ውሃ ያቆረ ቦታ፣ ቄጠማ፣ የሚጮህ ነገር አያጣም። ለበዓልና ለቡና የምንጎዘጉዘው ቄጠማም ከእንዲህ ያለ ረግረግ ታጭዶ የሚመጣ ነው፤ ስለዚህ ነገሩ ከቤታችን ወለል የራቀ አይደለም። ወጪ የማይጠይቁ ጥቂት ነገሮችን እንጠቁም። አንደኛ፣ ለክፍላችሁ አንድ የወፍ ደብተር ክፈቱ፤ ቀኑ፣ ቦታው፣ የታየው፣ ያየው ልጅ ስም ይጻፍበት። ሁለተኛ፣ የአገሬውን የወፍ ስም ከሽማግሌዎችና ከእረኞች ጠይቃችሁ አስመዝግቡ። «ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች» እንደሚባለው ሁሉ ስሟም እንዳገሯ ነው፤ ስሙን የሚያውቀው ሰው ሲያልፍ አብሮ ይጠፋል። ሦስተኛ፣ በመራቢያ ወራት ልጆች ጎጆ እንዳያፈርሱ አስተምሩ። አራተኛ፣ የአጨዳውን ነገር ከገበሬው ጋር ተመካከሩበት። ትእዛዝ አትስጡ፤ ከእናንተ ይልቅ ሜዳውን እሱ ያውቀዋል። ጫጩቶቹ እስኪወጡ ጥቂት ሳምንት መታገሥ ይቻል እንደሆን ግን መጠየቅ ነውር የለውም።

በመጪው ክረምት እንደገና እንሄዳለን። መነጽራችን አሁንም ሁለት ነው፤ ለአንድ ሰው ቦታ አለን። ቦት ጫማ ያለውና ሁለት ቀን ሙሉ ሳይናገር መቀመጥ የሚችል ሠልጣኝ ስሙን ለክበባችን ያስመዝግብ።